«ፓቪሊዮን» በአማርኛ ምን ይባል፦ ድንኳን፣ ዳስ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ብዕረኛው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በሥነ ሕንጻ ታሪክ ላይ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ነኝ። ሥራው በጠቅላላው እምብዛም ባያስቸግረኝም «ፓቪሊዮን» የሚለው ቃል ግን በየምዕራፉ መልኩን እየለዋወጠ ይመጣብኛል። በመጀመሪያ ሲገጥመኝ በአትክልት ቦታ መካከል የቆመ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ትንሽ ማረፊያ ማለት ስለ ነበር «ዳስ» ብዬ አለፍሁት። ጥቂት ገጾች እንደ ተሻገርሁ ያው ቃል ነገሥታት በሜዳ ላይ ለሚያስተክሉት ያጌጠ ድንኳን ተነገረ። ከዚያ ደግሞ ጸሐፊው የፓሪሱን የሉቭር ቤተ መንግሥት ሲገልጽ ከሕንጻው ፊት ወጣ ብሎ የራሱን ጣሪያ ደፍቶ የቆመውን የድንጋይ ክፍል በዚሁ ስም ጠራው፤ ቀጥሎም የአሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዘመን ሆስፒታሎች፣ በዓለም ዐውደ ርእይ ላይ አገሮች የሚያሠሯቸውን ቤቶች፣ በመጨረሻም በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ የአልማዝን የታችኛውን ክፍል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ በእርግጥ የአንድ ቃል ትርጉሞች ናቸው ወይስ በአጋጣሚ ድምፃቸው የተመሳሰለ የተለያዩ ቃላት? አንድ ቃል ከሆኑስ በአንድ የአማርኛ ቃል ልይዛቸው እችላለሁ ወይስ እንደየቦታው መለዋወጥ ይኖርብኛል? አንድ ባልደረባዬ «ፓቪሊዮን ብለህ እንዳለ ተወው፤ አንባቢ ይለምደዋል» ይለኛል። እኔ ግን አንባቢው የሚለምደው ቃሉን ይሁን አለማወቁን እርግጠኛ ስላልሆንሁ የእናንተን አስተያየት መስማት እወዳለሁ።

ሥርወ ቃል

ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሞቹም ሁሉ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። መነሻው የላቲኑ «ፓፒሊዮ» ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺው ቢራቢሮ ነው። በኋለኛው የላቲን ዘመን ይኸው ቃል ለድንኳንም ይነገር ጀመር። ምክንያቱም ከመካከለኛው ምሰሶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተወጠረ ሸራ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ስለሚመስል ነው የሚለው ማብራሪያ በሰፊው የተያዘ ነው። ቩልጌት የሚባለው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 33 እያንዳንዱ ሰው በድንኳኑ ደጃፍ ይቆም እንደ ነበር ሲናገር ለ«ድንኳን» ያስገባው ይህንኑ የቢራቢሮ ስም ነው። ቃሉ ወደ ፈረንሳይኛ ሲገባ ሁለት ልጆች ወለደ፤ «ፓፒዮን» ቢራቢሮ ሆኖ ቀረ፣ «ፓቪዮን» ድንኳኑን ወረሰ። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን ተቀብሎ «ፓቪሊዮን» አለው። ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና የሚያስታውስ የዕለት ተዕለት ተናጋሪ እምብዛም የለም።

ይህ ቃል ለማንኛውም ድንኳን የሚሰጥ እንዳልነበረ ግን ልብ ይበሉ። ተራው ወታደር የሚያድርበት ድንኳን ሌላ ስም ነበረው፤ ፓቪሊዮን የሚባለው የጌታው ነው፤ ሰፊ፣ ከፍ ያለ፣ ጫፉ ላይ ባንዲራ የተሰቀለበት፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የተተከለ። በ1520 ዓ.ም. (በዚህ መልስ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛና የፈረንሳዩ ፍራንሷ አንደኛ በካሌ አካባቢ ሲገናኙ ሁለቱም በድንኳን ማማር ተፎካከሩ። ስብሰባው ራሱ «የወርቀ ዘቦ ሜዳ» ተብሎ የተጠራው ለድንኳኖቹ ከዋለው በወርቅ ክር የተሠራ ጨርቅ የተነሣ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ቃሉን የሰማ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታዩት ነገሮች ነበሩ፦ ለጊዜው የቆመ መሆኑ፣ ያማረ መሆኑ፣ ከብዙኃኑ ተነጥሎ መቆሙ። ከዚያ በኋላ የመጣው እያንዳንዱ አጠቃቀም ከነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይዞ ሌላውን ጥሏል። የሉቭሩ ክፍል ከድንጋይ ስለ ተሠራ ጊዜያዊነቱን ጥሎ መነጠሉን ያዘ፤ የሆስፒታሉ ደግሞ ማማሩንም ጣለው። ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው መነጠሉ ነው ባይ ነኝ፤ ማለትም የአንድ ትልቅ ነገር አካል ሆኖ ሳለ ለብቻው ራሱን ችሎ መቆም። እርስዎም በሚተረጉሙበት ጊዜ በቅድሚያ የሚፈልጉት ይህን ቢሆን መልካም ነው።

ስለ «ዳስ» እና «ድንኳን» ጥቂት ልጨምር። በአማርኛ ድንኳን የሚወጠር፣ የሚጠቀለልና የሚጫን ነው፤ ዳስ ግን ከእንጨትና ከቅጠል የሚሠራ፣ ተነቅሎ የማይሄድ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ የሚፈርስ ነው። የእንግሊዞቹ የ1611 መጽሐፍ ቅዱስ በመዝሙር 27 ቁጥር 5 ላይ «ፓቪሊዮን» ብሎ የተረጐመው የዕብራይስጥ ቃል፣ እኛ የዳስ በዓል፣ በግእዙም በዓለ መጸለት የምንለው በዓል የተሰየመበት ቃል ነው። ሆኖም የአማርኛው መዝሙር በዚሁ ቦታ «ድንኳን» ይላል። ስለዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል መዋለል በእርስዎ አልተጀመረም።

የሕንጻ ሰው

ከላይ የተሰጠው መልስ ሥሩን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ሙያዬ ሕንጻ ስለ ሆነ ቅርንጫፎቹን ላሳይ፤ በተለይ ሁለቱ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

የአትክልት ቦታው ፓቪሊዮን ቀላሉ ነው። ዓምዶችና ጣሪያ አሉት፤ ግድግዳ የለውም፣ ቢኖረውም ከፊል ነው፤ የሚሠራውም ሰው ጥላ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ እንዲመለከት ነው። በቻይና «ቲንግ» የሚባለው ክፍት ማረፊያ በዚህ ስም የሚተረጐመው በትክክል ስለሚገጥም ነው። በጃፓን ኪዮቶ የሚገኘው «ወርቃማው ፓቪሊዮን» ግን ለቃሉ ጥሩ ምሳሌ አይደለም፤ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ የላይኞቹ ሁለት ፎቆች በወርቅ ቅጠል ተለብጠዋል፤ ዛሬ የሚታየውም በ1950 ከተቃጠለ በኋላ በ1955 እንደገና የተሠራው ነው። እርሱን «ዳስ» ብሎ መተርጐም አንባቢን ያሳስታል። ከፋርስ «ኩሽክ» ተነሥቶ በቱርክ «ኮሽክ» የተባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። በኢስታንቡል በ1472 የተሠራው፣ ግድግዳው በቀለማት ሸክላ የተለበጠው ቺኒሊ ኮሽክ የሱልጣን የመዝናኛ ቤት ነበር፤ ይኸው ቃል አውሮፓን ዞሮ ሲመጣ ደረጃው ዝቅ ብሎ እኛም ዛሬ ለትንሽ መሸጫ የምንጠቀምበት «ኪዮስክ» ሆነ።

ወደ ሉቭር ስንመጣ፣ ብዙ ተርጓሚዎች «ክንፍ» እያሉ ያልፉታል፤ ይህ ግን ተቃራኒውን መናገር ነው። ክንፍ ማለት ረጅሙና ዝርግ ሆኖ የሚሄደው የሕንጻ ክፍል ነው፤ ፓቪሊዮን ደግሞ ክንፉ የሚያልቅበት ወይም ሁለት ክንፎች የሚገናኙበት፣ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ወጥቶ የሚቆመው ነው። ዣክ ለመርሲዬ በ1624 ሥራውን የጀመረው የሰዓቱ ፓቪሊዮን የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች በአንድ ቁመት ተዘርግተው ሲሄዱ እርሱ በመካከላቸው ከፍ ብሎ የራሱን ባለ አራት ማዕዘን ጕልላት ጭኗል። የድሮ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥቶችን ከሩቅ የሚያይ ሰው ጣሪያዎቻቸው እያንዳንዳቸው ለየብቻ የተተከሉ ድንኳኖች ይመስሉታል፤ ቃሉ ከሸራ ወደ ድንጋይ የተሻገረውም በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ለዚህ አንድ ቃል መፈለግ አይጠቅምም። በመጀመሪያው ቦታ «ከፊቱ ወጣ ብሎ የራሱ ጣሪያ ያለው የሕንጻ ክፍል» ብለው ያብራሩና ከዚያ በኋላ ፓቪሊዮን ማለትዎን ይቀጥሉ።

የሆስፒታሉ ታሪክ ሰፊ ነው፤ ጽሑፍዎ ምን ያህል እንደሚዘልቅበት ባላውቅም ተርጓሚው ምክንያቱን ካላወቀ ቃሉን ያበላሸዋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በፕሊመዝ አቅራቢያ በስቶንሃውስ የተሠራው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሆስፒታል ሕሙማኑን በአንድ ትልቅ ሕንጻ ከማጨቅ ይልቅ በተነጣጠሉ ቤቶች አስተኛቸው። አሳቡ በፓሪስ ላሪቧዚዬር በተባለው፣ በ1854 በተከፈተው ሆስፒታል ተስፋፋ፤ ከክራይሚያ ጦርነት የተመለሰችው እንግሊዛዊት ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ስለ ሆስፒታሎች በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ በብርቱ ተከራከረችለት። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በሽታ የሚተላለፈው በተበላሸ አየር ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ መድኃኒቱ አየሩን ማንቀሳቀስ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፓቪሊዮን ጠባብና ረጅም ሆኖ ሠላሳ ያህል አልጋዎች በሁለት ረድፍ ይደረደሩበታል፤ በግራና በቀኝ ግድግዳ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከአንዱ መስኮት የገባው ነፋስ ክፍሉን አቋርጦ በሌላው እንዲወጣ። ፓቪሊዮኖቹ እርስ በርሳቸው ተራርቀው ይቆማሉ፤ የሚያገናኛቸው መተላለፊያ ብቻ ነው። በ1871 የተከፈተው የለንደኑ የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በቴምዝ ወንዝ ዳር በተርታ የተሠራው በዚሁ ሥርዐት ነበር።

ስለ አየሩ የነበራቸው እምነት የተሳሳተ ነበር፤ ሕንጻው ግን ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም መነጣጠልና ንጹሕ አየር ለተላላፊ በሽታም ይጠቅማሉ። ጀርሞች ከታወቁ፣ ሊፍትና የብረት አጥንት ያላቸው ፎቆች ከመጡ፣ የከተማ መሬትም ከተወደደ በኋላ ሆስፒታሎች ወደ ላይ ማደግ ጀመሩ፤ ያ አሠራርም ቀረ። ስሙ ግን አልቀረም፤ ዛሬም በብዙ አገሮች የአንድ ሆስፒታል የተለየ ሕንጻ ምንም መስኮት ፊት ለፊት ባይተያይበት «ፓቪሊዮን» ይባላል። እንግዲህ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሥርዐት ሲሆን «በተነጣጠሉ የሕሙማን ቤቶች የተሠራ ሆስፒታል» ይበሉ፤ የዛሬው ሲሆን ሰው በየዕለቱ እንደሚናገረው «ብሎክ» ቢሉት ይበቃል።

የዓለም ዐውደ ርእዩስ? በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ የተደረገው በጆሴፍ ፓክስተን የመስተዋት ሕንጻ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር፤ አገሮች ፓቪሊዮን አልነበራቸውም፣ ቦታ ነበራቸው። በ1867 በፓሪስ ዕቃው ከዋናው አዳራሽ ተርፎ በዙሪያው ባለው መናፈሻ ውስጥ በየአገሩ የአሠራር ስልት የተሠሩ ቤቶች ታዩ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቃሉ «የአንድ አገር ቤት» የሚል ትርጉም ያዘ። ለዚህ ያማረኝ የአማርኛ ቃል «የዐውደ ርእይ ድንኳን» ነው፤ ለጊዜው የሚተከል መሆኑን ይናገራል፣ የቃሉንም ሥር ይጠብቃል።

ሸራ አይደለም

በአብዛኛው ከየሕንጻ ሰው ጋር እስማማለሁ፤ «የዐውደ ርእይ ድንኳን» በሚለው ግን ፈጽሞ አልስማማም። አማርኛ አንባቢ «ድንኳን» ሲል ሸራ ነው የሚያየው፤ በሥነ ሕንጻ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ስማቸው የሚነሣው የዐውደ ርእይ ፓቪሊዮኖች በአብዛኛው ሸራ አይደሉም።

ጀርመናዊው የሕንጻ ነዳፊ ሚስ ቫን ደር ሮኧ ከሊሊ ራይሽ ጋር ለ1929 የባርሴሎና ዐውደ ርእይ ያዘጋጀውን የጀርመን ፓቪሊዮን ያስቡ። ስምንት ቀጭን፣ አግድም ሲቈረጡ መስቀል የሚመስሉ የብረት ዓምዶች ዝርግ ጣሪያ ተሸክመዋል፤ ግድግዳዎቹ የሚሸከሙት ነገር ስለሌላቸው ከጣሪያው ነጻ ሆነው እንደ ማያ የትም ይቆማሉ፤ አንዱ አረንጓዴ እብነ በረድ፣ አንዱ ወርቃማ ኦኒክስ፣ አንዱ መስተዋት። በውስጡ ለማሳያ የቀረበ ዕቃ አልነበረም፤ ሰው የመጣው ቤቱን ራሱን ለማየት ነው። በ1930 ፈረሰ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ በፎቶግራፍ ብቻ እየታየ በዓለም ላይ ያሉ የሕንጻ ተማሪዎችን ሲያስተምር ቆይቶ በ1986 በዚያው ቦታ እንደ ነበረ ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ይህን «ድንኳን» ብሎ የሚያነብ ሰው እብነ በረዱን ከየት ያመጣዋል?

ጊዜያዊነቱም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አሜሪካዊው ነዳፊ ባክሚንስተር ፉለር ለ1967ቱ የሞንትሪያል ኤክስፖ የሠራው፣ 76 ሜትር ስፋት ያለው የአሜሪካ ድቡልቡል ፓቪሊዮን በ1976 የላስቲክ ሽፋኑ ተቃጥሎበት እንኳ አጥንቱ ቆሞ ዛሬ ሙዚየም ነው። የሥነ ጥበብና የሥነ ሕንጻ ዐውደ ርእይ በሆነው በቬኒስ ቢየናሌ መናፈሻ ውስጥ ቤልጅየም በ1907 የመጀመሪያውን የአገር ፓቪሊዮን ሠራች፤ እርሷን ተከትለው አገሮች የሠሯቸው ቤቶች እስከ ዛሬ በዓመቱ እየተከፈቱ ይዘጋሉ። በሌላ በኩል በለንደን የሰርፐንታይን ጋለሪ ከ2000 ጀምሮ በየበጋው የሚያሠራው ፓቪሊዮን በእርግጥም ወራት ብቻ ነው የሚቆመው፤ የመጀመሪያውን ዛሃ ሐዲድ፣ የ2017ቱን የቡርኪና ፋሶ ተወላጁ ፍራንሲስ ኬሬ ነድፈውታል። አንዱ ቃል ሁለቱንም ከያዘ፣ እኛም ሁለቱንም የሚይዝ ቃል ነው የሚያስፈልገን።

ሌላም አለ። የአገር ፓቪሊዮን ቤት ብቻ አይደለም፤ ያገሩ እንደራሴ ነው። በ1937 የፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይ በንስር የተደፋው የአልበርት ሽፔር የጀርመን ፓቪሊዮንና የቬራ ሙኺና ግዙፍ ሐውልት የተጫነበት የሶቭየት ፓቪሊዮን ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር፤ በዚያው ዐውደ ርእይ ሪፐብሊካዊት ስፔን በራሷ ፓቪሊዮን የፒካሶን «ጌርኒካ» የተባለ ሥዕል ለዓለም አሳየች። ጋዜጣ «የእገሌ አገር ፓቪሊዮን» ብሎ ሲጽፍ ይህን ሁሉ ይሸከማል፤ ዛሬም በአየር ንብረት ጉባኤዎች አዳራሽ ውስጥ በቀጭን ሰሌዳ የተከለለችው ክፍል እንኳ በዚሁ ስም የምትጠራው ስለዚህ ነው። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ በአማርኛ ዜና ገብቷልና ይቀመጥ፤ በመጀመሪያው ቦታ ብቻ «አገሮች በዐውደ ርእይ ላይ ራሳቸውን የሚያሳዩበት ቤት» የሚል ሐረግ ይከተለው።

ድንጋይ ጠራቢ

የግርጌ ማስታወሻዋን ማንም ስላልነካት እኔ ልያዛት፤ የከበሩ ድንጋዮች ሥራ ላይ የቆየሁ ነኝና።

የተጠረበ አልማዝን በጎኑ ቢያዩት ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን ጠርዝ አለው፤ ይህ መቀነቱ ነው። ከመቀነቱ በላይ ያለው ዘውድ፣ ከመቀነቱ በታች እየጠበበ ወደ ጫፍ የሚወርደው ፓቪሊዮን ይባላል። የተለመደው ክብ አልማዝ ዘውዱ ላይ 33 ገጾች አሉት፤ ፓቪሊዮኑ ላይ ደግሞ 24፣ ጫፉ ከተላገ አንድ ይጨመራል። ድንጋዩን ገልብጠው ቢያስቀምጡት የፓቪሊዮኑ ቅርጽ ጫፉ ሹል የሆነ ድንኳን ነው።

ሰው አልማዝ ሲገዛ ዘውዱን ያያል፤ የሚያበራው ግን ፓቪሊዮኑ ነው። ከላይ የገባ ብርሃን የታችኛው ገጽ ላይ ሲያርፍ ከገጹ ቀጤ ነክ መስመር በ24.4 ዲግሪ ገደማ የሚበልጥ ዝንባሌ ካለው ወደ ውጭ ማምለጥ አይችልም፤ ተመልሶ ወደ ሌላኛው ገጽ ይወረወራል፤ ከዚያም ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ዐይን ይመለሳል። ማርሴል ቶልኮውስኪ በ1919 ባሳተመው ስሌት የፓቪሊዮኑን ማዕዘን 40.75 ዲግሪ አድርጎታል፤ ዛሬም ጠራቢዎች ከዚያ ብዙ አይርቁም። ጥልቀቱ ከድንጋዩ ስፋት 43 በመቶ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ የመቀነቱ ነጸብራቅ በገበታው (በዘውዱ አናት ላይ ባለው ሰፊና ዝርግ ገጽ) ውስጥ እንደ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ ጠራቢዎች የዓሣ ዐይን ይሉታል። ጥልቀቱ ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ መካከሉ ይጠቁራል፤ ያም የምስማር ራስ ይባላል። ክብደት ላለማጕደል ሲባል ጥልቅ ተደርጎ የተጠረበ ድንጋይ በሚዛን ከብዶ በብርሃን የሚደኸየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሻጩ ይህን አይነግርዎትም።

በአማርኛ «የአልማዙ ታችኛ ክፍል» ብቻ ቢሉት አልተሳሳቱም። የሙያ ጽሑፍ ከሆነ ግን ዘውድና መቀነት በአማርኛ ካሉ ዘንድ ፓቪሊዮኑንም «ድንኳን» ማለት ያምራል። እዚህ ላይ ሸራ አይደለም የሚለው መከራከሪያ አይሠራም፤ ዘውዱም ዘውድ አይደለምና።

ብዕረኛው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዐውደ ርእዩን «ፓቪሊዮን» ብዬ ለመተውና በመጀመሪያው ቦታ ሐረግ ለመጨመር፣ የሆስፒታሉን በየዘመኑ ለመለየት፣ የአትክልቱን «ዳስ» እንዳለ ለማቆየት ወስኛለሁ። የአልማዙን «ድንኳን» በደስታ ተቀብያለሁ። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀርተውኛል። ጸሐፊው ስለ ብራይተን ሲያወራ ንጉሥ የኖረበትን ቤተ መንግሥት እንዳለ «ፓቪሊዮን» ይለዋል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ «ተጫዋቹ ወደ ፓቪሊዮኑ ተመለሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ከዐውዱ አልገባኝም።

ሥርወ ቃል

ሁለተኛው የክሪኬት፣ ማለትም በበትርና በኳስ የሚደረገው የእንግሊዞች ጨዋታ አነጋገር ነው። በክሪኬት ሜዳ ዳር ተጫዋቾች የሚለብሱበትና ተራቸውን የሚጠብቁበት፣ ከፊቱ ረድፍ መቀመጫ ያለው ቤት ፓቪሊዮን ይባላል። ስመ ጥሩው ቶማስ ቬሪቲ ነድፎት በ1890 የተጠናቀቀው የለንደኑ የሎርድስ ፓቪሊዮን ነው፤ ኳሱን በበትር የሚመታው ተጫዋች ሎንግ ሩም የተባለውን ክፍል በክለቡ አባላት መካከል አቋርጦ ወደ ሜዳ ይወጣል፣ ሲሸነፍም በዚያው ያልፋል። ስለዚህ «ወደ ፓቪሊዮኑ ተመለሰ» ማለት ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። «ተሸንፎ ከሜዳ ወጣ» ብለው ይተርጕሙት፤ ቤቱን መጥቀስ አያስፈልግዎትም። በአሜሪካ ግን ትልቅ የስፖርት አዳራሽም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በ1965 የተከፈተው የካሊፎርኒያው ፖሊ ፓቪሊዮን የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ነውና እንዲህ ያለ ሲገጥምዎ «አዳራሽ» ይበሉ።

የብራይተኑ የተጸውዖ ስም ስለ ሆነ አይተረጐምም። የዌልስ መስፍን፣ በኋላ ጆርጅ አራተኛ የተባለው፣ በባሕር ዳር ለመዝናኛ ያሠራው ቤት ነበር፤ ሄንሪ ሆላንድ በ1787 የሠራውን መጠነኛ ቤት ጆን ናሽ ከ1815 እስከ 1822 ባለው ጊዜ የሕንድ ጕልላቶች ደፍቶበት ዛሬ የሚታየውን መልክ ሰጠው። መነሻው የመዝናኛ ቤት ስለ ነበር ስሙ ያኔ በትክክል ይገጥመው ነበር፤ ቤቱ ሲያድግ ስሙ እንዳለ ቀረ። አስደናቂው ነገር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቈሰሉ የሕንድ ወታደሮች ሆስፒታል መሆኑ ነው፤ ጽሑፍዎ ይህን ካነሣ «ሆስፒታል የሆነው ፓቪሊዮን» የሚለው ሐረግ ቀደም ሲል ከተነገረው የሆስፒታል አሠራር ጋር እንዳይደባለቅ «ሮያል ፓቪሊዮን» ብለው ሙሉ ስሙን ይጻፉ።

ጽሑፉ ከፈረንሳይኛ የተቀዱ ምንጮችን የሚጠቅስ ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ፈረንሳይኛው «ፓቪዮን» ከእንግሊዝኛው በላይ ተስፋፍቷል፦ ከራስ ወደ ውጭ የወጣውን የጆሮ ክፍል፣ የጥሩምባን የተከፈተ አፍ፣ በመርከብ ላይ የሚሰቀለውን የአገር ባንዲራ፣ በከተማ ዳርቻ ለብቻው የቆመን መኖሪያ ቤትም ይላል። የባንዲራው ትርጉም በተለይ ያታልላል፤ «ፓቪዮኑን አወረደ» ቢል ድንኳኑን ነቀለ ማለት ሳይሆን እጁን ሰጠ ማለት ነው።